«አለሁ» ስንል «የት?» የሚሉን ጋሽ ዳምጤ

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ጋሽ ዳምጤ እዚህ ትምህርት ቤት የመጡ ዕለት የነበራችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። አይ ጊዜ! እኔና ዘበኛችን ናጃህ ብቻ ቀርተናል ማለት ነው። እንግዲያው ለሌሎቻችሁ ልንገራችሁ።

ከእምድብር ወደ ቡታጅራ ተዛውረው ሲመጡ፣ ሻንጣቸውን እንደያዙ የመምህራን ማረፊያ በር ላይ ቆሙና «እንዴት ናችሁ?» አሉን። እኛም እንደ ወጉ፣ አንዱ ፈተና እያረመ፣ አንዷ ሹራብ እየሠራች፣ ቀና ሳንል «አለን፣ አለን» አልን። ሰውዬው ግራና ቀኙን አዩና «የት?» አሉ። የዚያን ጊዜው ርዕሰ መምህር አቶ ሽፈራው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «መምህር አዛውሩልን ብንል የዞረበት ላኩልን» አሉኝ። ጋሼ፣ ይህን እስከ ዛሬ ደብቄዎት ነበር። ይሳቁ እንጂ!

ከዚያ ወዲህ በዚህ ግቢ «አለሁ» ብሎ በሰላም ያለፈ ሰው የለም። ተማሪዎቹም «ጋሽ የት» የሚል ስም አወጡላቸው። ስፖርት አስተማሪያችን ኤፍሬም ስልኩን እየነካካ ቆጮ ሲጎርስ አዩትና፣ «ይህ ቆጮ ስንት ወር ተቀብሮ የወጣው አንተ ሳታየው ልትውጠው ነው?» አሉት። «ጋሼ፣ ቆጮ ደግሞ ምኑ ይታያል?» ቢላቸው፣ «ያንተስ ምንህ ታይቶ ነው ይህን ያህል የጠበቀህ?» አሉት።

ዝናቡስ? ቆርቆሮውን ሲደበድበው እኛ ጉሮሯችን እስኪሰነጠቅ እየጮህን እናስተምራለን። እሳቸው ጠመኔውን ያስቀምጡና ልጆቹን «ስሙ» ይሏቸዋል። ሃሊማ፣ የትምህርት ክፍሉ ተጠሪ ናትና፣ «ጋሼ፣ ከዕቅዱ ወደ ኋላ ቀርተዋል» አለቻቸው። «ዕቅዱ ሲወጣ ክረምት መኖሩ ተረስቶ ነበር?» አሏት።

አንድ ቀን «ይህን ነገር ከየት አመጡት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቀልድ ጠብቄ ነበር።

«ብርቄ በሕይወት ሳለች እኔ ቤት አልነበርኩም» አሉኝ፣ ስለ ባለቤታቸው።

«የት ነበሩ?»

«ቤት ነዋ! ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ። እሷ ታወራኛለች፣ እኔ የነገውን አስባለሁ። ታማ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ እንኳ ስለ ጣራው ክዳን ነበር የማስበው።»

ከዚያ በኋላ «የት?» ሲሉ እንደ ድሮዬ መሳቅ አቃተኝ።

ታውቃላችሁ፣ ልጄ ነብዩ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ወጣ። ከሞያሌ አንዴ ደወለ። ቀጥሎ ደግሞ በማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። «እንዴት ነህ ልጄ?» አልኩት። «አለሁ እማዬ» አለኝ። «የት?» ልል አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። ይኸው እንደተቋረጠ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሥራ እገባለሁ እንጂ መጣሁ አይባልም። አንድ ጠዋት ጠመኔ እንደያዝኩ ሰሌዳው ፊት ደርቄ ቀረሁ። ልጆቹ ደንግጠው ጋሽ ዳምጤን ከጎረቤት ክፍል ጠሩ።

«ወርቅነሽ፣ እንዴት ነሽ?»

«አለሁ።»

«የት?»

ጮህኩባቸው። «በረሃ! ልጄ ያለበት! እኔ የት እንዳለሁ በምን አውቄ!» ሌላ ሰው ቢሆን ጥሎኝ ይወጣ ነበር። እሳቸው ጉልበታቸው አልገባ እያለ የተማሪ ዴስክ ላይ ተቀመጡ።

«የነገውን አልልሽም» አሉኝ። «እነዚህ ልጆች እዚህ ናቸው። እስከ ደወሉ ብቻ ከእነሱ ጋር ሁኚ። ከዚያ ወደ ነብዩ ተመለሺ።»

እስከ ደወሉ ቆየሁ። በማግስቱም እንደዚሁ።

ምስጋናዬ ይኸው ነው። ተጽናናሁ አልልም፤ አልተጽናናሁም። የምጽናናም አይመስለኝም። ደወሉ በተመታ ቁጥር ያ በረሃ ይጠብቀኛል። በደወልና በደወል መካከል ግን የተማሪዎቼን ስም አውቃለሁ፣ የማርቲ የፊት ጥርስ መውለቁን አያለሁ። ያለኝ ይህችው ናት፤ እሷንም የሰጡኝ እርስዎ ነዎት።

ከነገ ጀምሮ ማን ይጠይቀኛል? እርስዎንስ እምድብር፣ በዚያ ባዶ ቤት፣ ማን «የት?» ይልዎታል? እኔ እደውላለሁ። ግን እባክዎ ጋሼ፣ «አለሁ» ብለው ብቻ እንዳይዘጉብኝ። «እንሰቱ ሥር ነኝ፣ በር ላይ ነኝ» ይበሉኝ። እንደ ነብዩ ያለ «አለሁ» ሁለተኛ አልችልም።

በሉ ጠላም ይሁን ለስላሳ፣ የያዛችሁትን አንሱ። ለጋሽ ዳምጤ! ፈጣሪ ጤና ይስጥዎት፣ የተከሉት ይጽደቅልዎት፣ ቆርቆሮዎ ላይ ዝናብ በጣለ ቁጥር አብሮዎት የሚሰማ ሰው አይጡ።

ምን አሉኝ ጋሼ? እንዴት ነኝ? አለሁ።

ሰማችሁ? ጠየቁኝ እኮ! እዚህ ነኝ ጋሼ። እዚህ፣ አጠገብዎ።

ናጃህ ወንድሜ፣ ወደ ደወሉ ስትሄድ አይቼሃለሁ። እባክህ ትንሽ አቆይልን።