መጦር የሚያስተምረው ሰውዬ

ግቢ፣ ግቢ! ምነው ሰሞኑን ጠፋሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ይሄ ዝናብ እኮ ልብስ አላደርቅ አለን፤ የእማዬ አንሶላ ከትናንት ጀምሮ እንደራሰ ነው። እዚሁ ወጥ ቤት ተቀመጪ። በሩን ተይው፣ ትንሽ ነፋስ ይግባ። ሳሎን ያለው እንግዳም ድምፅ ይስማ እንጂ፣ ብቻውን ሆኖ እንዳይደብረው…

እማዬማ ምን ትሆናለች ብለሽ ነው? ሐኪሙ «የሚመጣ ልጅ ካላት ይምጣ» አለ እንጂ ሌላ ምንም አላለም።

እኔ እንኳ ስለማንም አይደለም የማወራው። እንዲያው አንድ ሰው አለ እንበል… ሥራው ድሃ አገር እየሄደ እናት አባት እንዴት እንደሚጦር ማስተማር ነው። ምን ያስቅሻል? እውነቴን ነው! በሰው አገር ገበሬዎቹን አዳራሽ ሰብስቦ «አሮጊት ብቻዋን አትተውም» ይላቸዋል፤ አስተርጓሚው ይተረጉማል፣ እነሱ ያጨበጭባሉ። ከመሃላቸው እናቱን አዝሎ የመጣም አለ አሉ። እሱም ይማር እንጂ፣ ምን ያውቃል?

ኑሮውማ መከራ ነው። በር ላይ ዘበኛ፣ ጓሮ ጄኔሬተር፣ ውስጥ ምግብ አብሳይ፣ ደጅ ሾፌር… በእግሩ ሱቅ እንዳይደርስ እንኳ ቢሮው ከልክሎታል፣ ምስኪን! ቦታው ስለሚከብድ በየጊዜው ዕረፍት ይሰጡትና እዚያው ውቅያኖስ ዳርቻ ሄዶ ያገግማል። ለምን ወደ ቤቱ አይመጣም እንዳትዪኝ። እዚህ መጥቶ ማን ያርፋል? እኔ አርፌ አውቃለሁ?

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይባላል… ግን ለማማሰሉ ቤትና መኪና ከተሰጣትስ? ይረር እንጂ! የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ አንዱን አሠልጣኝ፣ አንዷን አንሶላ አጣቢ አድርጎ ያወጣል።

ደግሞ መች ይረሳል! እማዬ አልጋ ፊት ለፊት ያለችውን ካሜራ አይተሻታል? ስጦታ ናት። እዚያ ሆኖ በስልኩ ያያል። «ምሳዋ ዘገየ»፣ «ትራሷን ከፍ አድርጊው»፣ «ዛሬ ፀሐይ አልሞቀችም»… ክትትል ነው የሚባለው፣ በሙያው። ገላዋን ሳጥባት ካሜራዋ ላይ ፎጣ ጣል ባደርግ ደውሎ «ምነው ጠፋችሁ?» አለኝ። ጠፋችሁ! ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የተባለው እኮ ካሜራ ሳይመጣ ነው። እማዬም ጠዋት ጠዋት ሻርፗን አስተካክላ ካሜራዋን «እንደምን አደርክ ልጄ» ትላታለች። መልስ እስኪመጣ ትጠብቃለች… ሥራ ይበዛበታላ።

ትናንት ታዲያ እንግዳችን ሻንጣውን ሆቴል አስቀምጦ መጣ። ይሄ ቤት ለደኅንነት አይመችም ብሎታል ቢሮው። ልክ ናቸው፤ እኔስ ይኸው ተወልጄ እዚሁ አረጀሁ አይደል? አልጋዋ አጠገብ ተንበርክኮ እጇን ያዘ። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እጇን ቀስ አድርጋ አወጣችና ወደ ካሜራዋ ዞራ፣ «ልጄ፣ አንድ የማላውቀው ሰው እጄን ይዞኛል። ቶሎ ናልኝ» አለች።

አላለቀሰም፤ ጎበዝ ነው። ወጥቶ ስልኩን አወራ። ነገ ጠዋት ይበራል፤ ሥልጠና አለበት። «ከወላጅ ጎን እስከ መጨረሻው» ነው ርዕሱ፣ አያምርም? ይቅርብኝ እንዳይል ያ ሁሉ ሰው ይጠብቀዋል። እማዬ ምን አለባት፣ መጠበቅ ለምዳለች። እኔ ግን… እውነቱን ልንገርሽ፣ ብቻዬን ሳለሁ ብታልፍብኝ ብዬ እፈራለሁ። ሁለት ቀን ቆይልን ብዬ ልለምነው አልኩና ከአፌ አልወጣ አለኝ።

ልትሄጂ ነው? እማዬን ሳሚያት። በሳሎን ስታልፊ እንግዳውንም ሰላም በይው፣ ደግ ሰው ነው። እኔማ ከልቤ መርቄዋለሁ… ዕድሜ ይስጠው፣ እሷ የደረሰችበት ያድርሰው፣ አልጋ ላይ ሲውል ደግሞ ልጆቹ ቁርጥ አባታቸውን ይሁኑለት! አሜን በይ እንጂ… ጮክ ብለሽ።