የመነጽሩ ጨርቅ

— ሄሎ!… አዎ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ የለይኩን ሱቅ ነው… ከአሰብ? አገናኚኝ እህቴ።

— ሄሎ!… ዲንሳ! አንተ የባሕር ሰው፣ እንደምን ሰነበትክ?… እግዚአብሔር ይመስገን… እናትህ? ልኬባቸዋለሁ፣ እየመጡ ነው። አስቴር ልጄ፣ ሬዲዮኑን ዝጊው እስቲ!

— ምን አልክ?… ጨርቁ? ከጃፓን ያመጣህላቸው የመነጽር ጨርቅ?… እሱንማ ሰፈሩ ሁሉ ዐወቀው። የናይለን ዘር ነው፣ ክሩ ከፀጉር የቀጠነ ነው ብለህ የነገርካቸውን ለስንቱ አወሩት! ሐር አይደል፣ ጥጥ አይደል፤ ያለ ውሃ ያለ ሳሙና እድፍ ያነሣል። መነጽሩን ሲጨርሱ የማርያምን ሥዕል መስተዋት፣ ከዚያ የፋኖሱን ብርጭቆ… የቀበሌው ሊቀመንበርማ የቢሮውን ፎቶግራፍ ላጽዳበት ብሎ ተውሶ አስቀረው። እናትህ ራሳቸው ሄደው «የልጄን ጨርቅ!» ብለው ከእጁ ላይ ተቀበሉት… ሳቅ፣ ሳቅ፣ እኛም ስቀናል።

— …አለሁ፣ አልተቋረጠም። ትሰማኛለህ? እናትህ ሳይደርሱ አንድ ነገር ልንገርህ… መቀመጫ አለህ? ቁጭ በል እንግዲያው።

— ከፋሲካ ወዲህ ነው። መነጽሩ ጭጋግ ያዘብኝ ይላሉ። ይወለውላሉ፣ ያደርጉታል፤ አሁንም ጭጋግ። «ጨርቁ ቅባት ጠጥቶ ነው» ብለው በእንዶድ አጠቡት። አልሆነም። ከዚያ አንድ ማለዳ ዱላቸውን ተመርኩዘው ያንን የእንጦጦን ዳገት በባሕር ዛፉ መሀል ወጡት… አዎ፣ ወደ ጸበሉ። አስቴር ዓይናቸውን ሊጠመቁ መስሏት ተከተለቻቸው። እሳቸው እቴ! ከጉያቸው ጨርቁን አወጡና ጨርቁን አጠመቁት! «ዓይኔማ ምን ሆነ?» አሏት።

— ሐኪም ቤትማ ወስደናቸዋል። ሞራ ቢሆን ይገፈፍ ነበር… አይደለም። የዓይን ግፊት ነው አለ ሐኪሙ፤ የጠፋው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረችውም… ለአስቴር ነው የነገራት። ለእሳቸው ማን አፍ አውጥቶ ይንገር? ሁላችንም አብረን ጨርቁን እናማለን።

— አንተ ደግሞ ምን አጠፋህ!… መርከቡ መቼ ነው የሚነሣው?… ከነገ ወዲያ? እስከ መቼ?… ዓመት?… ስማኝ ልጄ። የዛሬ ዓመት ድምፅህን ይሰሙ ይሆናል። ፊትህን ግን… አዎ። አሁን ከመጣህ ያዩሃል። መስኮቱ አጠገብ ቀረብ ካልክላቸው ያዩሃል… አውቃለሁ፣ ከቀረህ ቦታህን ሌላ ይይዘዋል፤ እንጀራህ ነው። አልፈርድብህም። ልብህ ያመለከተህን አድርግ ብቻ…

— ቆይ፣ መጡ። በዚህ በኩል እትዬ የሺሃረግ! ደረጃውን ይጠንቀቁ፣ በርጩማው ከፊትዎ ነው… አዎ፣ ዲንሳ ነው! ደኅና ነው፣ ደኅና።

— ዲንሳ፣ እናትህ «ሌላ ጨርቅ አምጣልኝ፣ ይሄኛው ሰነፈ» ይሉሃል… ዲንሳ?… አይዞህ። አይዞህ እንጂ… በል፣ ልሰጣቸው ነው።

— እንኩ እትዬ… ወደዚህ፣ ወደ ቀኝ። እጄ ላይ ነው… ዝም አለ? መስመሩ ነው፤ አሰብ ሩቅ አይደል… ምን ያደርጋሉ? የስልኩን እጀታ? በጨርቁ?… እሺ፣ ይወልውሉት። ዳር ዳሩንም ይወልውሉት። አስቴር፣ ምን ያስቅሻል… ኧረ፣ ታለቅሻለሽ እንዴ? ደጅ ውጪ፣ ደጅ።

— አሁንስ ተሰማዎ?… ምን አለ?… «መጣሁ»? ነገ ጠዋት ተሳፍሬ?… ተመስገን። ተመስገን ጌታዬ።

— እ?… «አየህ፣ ጨርቁ ይሠራል»?… አዎ እትዬ። ይሠራል።

— ተቋረጠ?… አይ፣ እዚያ አይደለም፤ እሱ የሚዛኑ ሳህን ነው። ይስጡኝ… እኔ ልዝጋው።