የእናቴ አጥር ሽንቁር

አጥር ስታጥሩ ከማን እንደምትሸሸጉ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ከብዙ ዓመት በኋላ ፍኖተ ሰላም ተመልሼ፣ የሟች እናቴን ግቢ ላሳጥር አንድ ግንበኛ ጠራሁ። «እማማ፣ ብሎኬት ይሻልዎታል ወይስ ቆርቆሮ?» አለኝ። «ቅንጭብ ትከልልኝ። እንደ ድሮው በጎረቤት በኩል እሳት መጫሪያ ሽንቁር ተውልኝ» አልሁት።

ይህን የሰማችው ጎረቤታችን አንገቷን ደፍታ መጣች። «እትየ፣ ያን ሽንቁር በእሾህ የዘጋነው እኛ ነን። እናትዎ ሲያስሉ በሽታው ይጋባብናል ብለን ፈራን። ድምፃቸው ጠፍቶ እንኳ በበር ዞረን አርፈው ያገኘናቸው በሦስተኛው ቀን ነው። ስለ እመብርሃን ይቅር ይበሉን» አለችኝ።

እኔ ያን ጊዜ ሩቅ አገር፣ ከመጻሕፍቴ መካከል ነበርሁ። ወደ ግንበኛው ዞርሁና «ብሎኬት አድርገው፤ ሽንቁር እንዳትተው» አልሁት። እሷንም፣ ራሴንም ይቅር አልልም።