የልብስ ሰፊዋ የመንገድ መድኃኒት

ወዳጄ፣ እስቲ ነይ ቁጭ በይና አንድ ነገር ላጫውትሽ። ሰው አገር ልትሄድ ሻንጣ የምታዘጋጅ እናት ካለችሽ ደግሞ ጆሮሽን ስጪኝ።

አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ልጇ በሰው አገር የመጀመሪያዋን ልትወልድ ቀኗ ደርሶ፣ ልታርሳት በሳምንቱ ልትበር ነው። የጎረቤቷ ልጅ፣ ነርሷ፣ ያሳጠረችላትን ጋዋን ልትወስድ ብቅ ስትል፣ ሴትዮዋ ክኒኖቿን ከየማሸጊያቸው እየፈለቀቀች አንድ የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮ ውስጥ ትጨምራለች።

«ምን እያደረጉ ነው፣ እትዬ?»

«ካርቶኑ ቦታ ፈጀብኝ። ለሕፃኑ የሰፋሁት ሁሉ መግባት አለበት።»

«የግፊቱንና የስኳሩን ቀላቀሉት?» አለች ነርሷ፣ ባዶውን ካርቶን አንስታ እያነበበች።

«ቀስ በይ፣ በሩ ክፍት ነው!» ሕመሟን ስድስት ዓመት ሙሉ ለልጇ እንኳ አልተነፈሰችም። «ገና እግሬ ሳይረግጥ በሽተኛ መጣች ልባል? ፈጣሪ ያውቃል፣ ይበቃኛል።»

ነርሷ ሳቀች። «ፈጣሪማ ያውቃል፤ የማያውቀው የዚያ አገር ሐኪም ነው። መንገድ ላይ ቢወድቁ በምን ያክምዎት?»

«በስመ አብ! የተማርሽው ማስፈራራት ነው እንዴ?»

«እሺ፣ የጠዋቱን ያውጡልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ክብ። አንዱን አነሳች፤ መለሰች። ሌላ አነሳች። በመርፌ ቀዳዳ ክር መክተት የማያስቸግራት ሴት የጠዋቱን መለየት አቃታት።

«እትዬ፣» አለች ነርሷ፣ አሁን ሳትስቅ፤ «ልጅዎ እናቴ ታርሰኛለች ብላ ነው የምትጠብቀው። አራሷ ተነስታ እርስዎን ታስታምም?»

ይቺ አንጀቷ ገባች። እንባዋን ባንገቷ ባንጠለጠለችው ሜትር ጫፍ ጠረገች። «በይ፣ ምን ላድርግ?»

«ይሄ ይደፋና ሐኪምዎ አዲስ ይዘዝልዎ። ከነማሸጊያው፣ ለጥቂት ቀን የሚተርፍ ጨምረው፣ በእጅ ቦርሳ ይያዙት፤ ሻንጣ ይጠፋል። የሕመሙና የመድኃኒቱ ስም፣ የልጅዎም ስልክ፣ በዚያ አገር ቋንቋ ተጽፎ ከፓስፖርትዎ ጋር ይሁን። አውሮፕላን ላይ ውኃ ይጠጡ።»

«ሽንት ቤት ቢያመላልሰኝስ?»

«ይመላለሱ! እግርዎም ይፍታታ።»

ያኔውኑ ለልጇ ደወለች። ልጅቷ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥሎ ተቆጣች፣ በመጨረሻ እዚያ ሐኪም ፈልጋ ቀጠሮ ያዘችላት። እውነትም ሻንጣው መንገድ ላይ ቀርቶ በአምስተኛው ቀን ደረሰ፤ መድኃኒቷ ግን ከእጇ አልወጣም ነበር። ተመስገን፣ አንድ ቀን እንኳ ታማ ሳትተኛ ልጇን አረሰች፣ የልጅ ልጇን አቀፈች።

እንግዲህ ልለምንሽ፦ መንገደኛ እናት ወይም አባት ካለሽ ዛሬውኑ ደውይና «መድኃኒትዎን የት አስቀመጡት?» ብለሽ ጠይቂልኝ። ቢያድበሰብሱብሽም አትቆጪ፤ ደግመሽ ጠይቂ።