እኔና እህቴ ብቻ የምናውቃት ቃል

ልጆቼ፣ ሳቁ፤ ግን ወደ ኋላችሁ እያያችሁ ሳቁ። የልጅ ልጄ ምሕረት ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅስ ሲስተም ላይ መሥራት ጀመረች። ባለቤት የለውም፣ ዓለም በደቦ ነው የሚሠራው አለችኝ። ጀማሪ ስለሆነች የሲስተሙን ቃላት ወደ ወላይትኛ ትተረጉማለች፤ ቃሉን ሌላ ወላይትኛ አዋቂ ካላጸደቀላት ይጣላል። ሁለት ቃል ተጥሎባት ስታለቅስ፣ ከዳሞታ ተራራ ዝናብ የመጣ መስሎን ልብስ ከገመድ አስገባን!

«አያቴ፣ ለተደበቀ ፋይል ምን ልበል?» አለችኝ። እኔ ተንኮለኛዋ፣ ልጅ ሆነን ገሱባ ቤታችን ጓሮ እንሰት ሥር ከእናታችን ስንደበቅ እኔና እህቴ የፈጠርናትን ቃል ሰጠኋት። እህቴ ሳትወልድ ነው የሞተችው፤ ቃሏን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። ለእናንተም አልነግርም። ምሕረት አምናኝ ላከችው፤ እኔ አጠገቧ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ።

ወዲያው አንድ ስሙን ያልጻፈ ሰው መለሰ፦ «ጸድቋል። እንሰት ሥር ለተደበቀ የሚባል ነው።» ምሕረት በደስታ ዘለለች፣ እኔ ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጋሁ።

«ከማን እንደሰማው ጠይቂው» አልኳት። ጠየቀችው። መልሱን ጮክ ብላ አነበበችልኝ፦ «አጠገብሽ የምትስቀውን ጠይቂያት።»

ነጠላዬን ተከናነብኩ።

«አያቴ፣ ሰውየውን ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«ዝም ብለሽ አመስግኚያት» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ልብስ ስቀይር ኮምፒውተሩን በነጠላ እሸፍነዋለሁ። እህቴ ድሮም እኔን አጮልቃ አይታ መሳቅ ትወድ ነበር።