የመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ምስል ድምፅ ስለሌለበት ምክንያት

የምስክሩ ስም፦ ምሥጋና ክንዱ
ዕድሜ፦ 34
ሥራ፦ ፎቶግራፍ አንሺ
አድራሻ፦ ባሕር ዳር ከተማ፣ ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት፦ የካቲት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት
ቃሉን የተቀበሉት፦ ዋና ሳጅን አምሐ ብሥራት
ጉዳዩ፦ በተጠርጣሪ ይትባረክ አበራ እጅ ስለተገኘ የብራና መጽሐፍ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመዘገበው ምስክር ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም. በዚሁ ጉዳይ በዚሁ ጣቢያ ቀርቤ ቃሌን ሰጥቼ ነበር። ያ ቃል ሐሰት ነው። ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር መጥቻለሁ። ሐሰተኛ ቃል መስጠት እንደሚያስጠይቅ ሳጅኑ አስቀድመው አስረድተውኛል፤ ገብቶኛል።

ግሽ አባይ ፎቶ ቤት ከፍቼ ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ካሜራዬ ለፎቶ የተሠራ ነው። ቪዲዮም ይቀዳል፤ ነገር ግን ምስሉን ጨምቆ ስለሚያስቀምጠው ጥላው ይጠቁራል፣ ብርሃኑም ይነጣል። ያልተጨመቀውን ጥሬ ምስል የመቅዳት ዐቅም ውስጡ እያለ አምራቹ አልፈቀደለትም። ባለፈው ክረምት፣ ኢንተርኔት ደህና በሆነ ሰሞን፣ ከአምራቹ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ሰዎች የሠሩትን ሶፍትዌር አውርጄ በሚሞሪ ካርድ ጫንሁበት። ሲጫን ባትሪ ቢያልቅ ካሜራው ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። በሰላም ሲነሣ በደስታ ከመጮኼ የተነሣ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሰው የሞተብኝ መስሎት እየሮጠ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ከተማ ይህን ያደረግሁ እኔ ብቻ ነኝ እያልሁ፣ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ስናገር ከረምሁ።

ይህ ነገር አንድ ጉድለት አለው። ጥሬ ምስል ሲቀዳ ካሜራዬ ድምፅ አይቀዳም። ድምፁ በሌላ መቅጃ ተይዞ በኋላ ከምስሉ ጋር መገጣጠም አለበት። ድምፅ ያለው ቪዲዮ ከተፈለገ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ወደ ተራው አቀዳድ መመለስ ይበቃል። ይህንን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ሳላውቅ ያጠፋሁት ነገር የለም።

ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. የአሁኗ አመልካች ወ/ሮ ፅጌ ማርያም ወልደ ሐዋርያት ወደ ፎቶ ቤቴ መጡ። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ ሲሆን፣ ዘጌ ባለ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዓመታት ዜማ ያስተማሩት የመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት አንድ ልጅ ናቸው። አባታቸው እየደከሙ ስለሆነ ለግድግዳ የሚሆን ፎቶ እንዳነሣላቸው አዘዙኝ። የታዘዝሁት ፎቶ ብቻ ነበር።

ኅዳር 16 ቀን በጀልባ ተሻግሬ ከቀኑ 8፡30 ሰዓት ሲሆን ከመሪጌታ ቤት ደረስሁ። ሰው ሁሉ የኔታ ስለሚላቸው እኔም የኔታ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸው ሰማንያ አንድ ነበር። ቤት ውስጥ ያገኘሁት እሳቸውንና ተጠርጣሪውን ይትባረክን ብቻ ነው። ይትባረክ የመራዊ ልጅ ሲሆን ከየኔታ እግር ሥር ዐሥራ አንድ ዓመት ተምሯል፤ በዚያን ጊዜ እያጠበ የሚያጎርሳቸው እሱ ነበር። የአባቶቻቸው የብራና ድጓ፣ ማለትም የዜማው መጽሐፍ፣ በአትሮንሱ ላይ ተዘርግቶ ነበር።

የኔታ "አንሣኝ እንግዲህ፤ ጥርስ የለኝምና ሳቅ ብቻ አትበለኝ" አሉኝ። ፎቶውን አነሣሁ። ሥራዬ እዚያ ላይ አልቆ ነበር። ነገር ግን ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ግማሽ ፊታቸውን አብርቶ ግማሹን በጥላ ሲተወው አየሁና ለጥሬ ምስል የተፈጠረ ፊት ነው አልሁ። ስለ ካሜራዬ ጉራዬን ጀመርሁ። ፋብሪካው የቆለፈውን ከፍቼዋለሁ ስላቸው የኔታ "ባለቤቱ የቆለፈውን የሚከፍት ሰው በእኛ አገር ሌላ ስም አለው" ብለው አሳቁን። ቀጥለው "የሚንቀሳቀስም ይይዛል? ድምፅስ?" ብለው ጠየቁኝ። ይይዛል አልኋቸው።

በዚህ ጊዜ የኔታ አሰብ አድርገው፣ ስለ ድጓቸው የሚናገሩት ቃል እንዳላቸውና የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታቸውንና ሦስት ሽማግሎችን ሰብስበው ሊናዘዙ እንዳሰቡ ነገሩን። ልማዱም ይኸው ነው። እኔ ግን ሽማግሌ ማስቸገር አያስፈልግም፣ ሰው ይረሳል፣ ይሞታል፣ ይህ ካሜራ ከአራት ምስክር ይበልጣል አልኋቸው። ይትባረክ "የኔታ፣ ሽማግሎቹም ቢኖሩ አይከፋም" ብሎ ነበር። የኔታ እኔን አመኑ። ይህንን ቃል ባልናገር ኖሮ ዛሬ አራት ሰዎች ለይትባረክ ይመሰክሩለት ነበር።

ቦርሳዬን ስከፍት የድምፅ መቅጃው የለም፤ ፎቶ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትቼው ሄጃለሁ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ሆኖ ሁለቱንም አየሁ። በተራው አቀዳድ የየኔታ ፊት ግማሹ ከሰል፣ ግማሹ ኖራ ሆነ። በጥሬው ሽበታቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጥሬውን መረጥሁ። ድምፁን ሌላ ቀን መጥቼ እይዘዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርሁት፤ ለእሳቸው አልነገርሁም። ይትባረክን ነጭ ነጠላውን ዘርግቶ ብርሃኑን ወደ የኔታ ፊት እንዲመልስ አዘዝሁት። የኔታ ተናግረው እስኪጨርሱ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል እጁን ሳያወርድ ያዘልኝ።

ጥር 28 ቀን በሰጠሁት ቃል የኔታ የተናገሩትን አላስታውስም ብያለሁ። ሐሰት ነው፤ አስታውሳለሁ። በቅድሚያ ስማቸውንና የአባታቸውን ስም ጠሩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ "ይህን ድጓ ለይትባረክ ሰጥቻለሁ። መጽሐፍ ከሚያነበው ዘንድ ይሂድ። ልጄ ፅጌ ማርያም፣ ከአንቺ አስበልጬው አይደለም፣ አትቀየሚኝ። እናትሽ ከሞተች በኋላ ማሕሌት ስሄድ በእጄ ይዤሽ እወጣ ነበር፤ እንዳትፈሪ በመንገድ ላይ የምልልሽን አሁንም ልበልልሽ።" ቀጥለው ዐይናቸውን ጨፍነው ለልጃቸው አዜሙ። ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። እኔ በዚያ ጊዜ የማስበው ስለ ብርሃኑ ነበር።

ሲጨርሱ ይትባረክ ድምፁን የኔታ እንዲሰሙት ጠየቀኝ። ድምፁ የሚወጣው ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ነው ብዬ ዋሸሁት።

ከዚያ በኋላ የኔታ በሕይወት የነበሩት ሃያ አራት ቀን ነው። ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር ሠርግ የለም፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው ለማለት እንኳ አይመቸኝም። መቅጃውን ይዤ በማግሥቱ መሻገር እችል ነበር። እኔ ግን ከኮምፒውተር ሥር ሳልነሣ የምስሉን ቀለም ሳሰማምር ከረምሁ። አንድ ደቂቃውን ቆርጬ ከሥሩ የበገና ድምፅ አስገብቼ በማኅበራዊ ሚዲያ ለቀቅሁት። የአዲስ አበባ ባለሙያዎች ሳይቀሩ አደነቁኝ። እኚህ አባት ምን እያሉ ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም፤ ባለመጠየቃቸውም ደስ ብሎኝ ነበር።

ታኅሣሥ 10 ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ወ/ሮ ፅጌ ማርያም ደውለው አባታቸው ማረፋቸውን ነገሩኝ፤ ለቀብሩ ትልቅ ፎቶ እንዳትምላቸውም ጠየቁኝ። ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ ያየሁት ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን መቅጃ ነው። አቧራ ይዞ ነበር።

ጥር 19 ቀን የየኔታ አርባ ሲወጣ ምስሉን በፍላሽ አድርጌ ለይትባረክ ሰጠሁት። ድምፅ እንደሌለው አልነገርሁትም። ኮምፒውተር ስለሌለው አልከፈተውም፤ ከድጓው ጋር በአንድ ጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠው። ጥር 24 ቀን ድጓውን ይዞ ወደ መራዊ ሲሄድ መሸንቲ ላይ በፍተሻ መያዙን የሰማሁት በማግሥቱ ነው፤ ወ/ሮ ፅጌ ማርያምም የአባቴ መጽሐፍ ያለፈቃድ ተወስዷል ብለው አመለከቱ። እሱም የኔታ በአንደበታቸው እንደሰጡትና ካሜራ እንደቀዳቸው ለፖሊስ ተናገረ። ፍላሹ ሲከፈት ግን ድምፅ የለም። ከዚህ የተነሣ እኔ ተጠርቼ ጥር 28 ቀን ቀረብሁ።

በዚያ ዕለት በግቢው በኩል ስገባ ይትባረክን ከሌሎች ታሳሪዎች ጋር ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከተቀመጠበት ተነሥቶ "እንኳን መጣህ ጋሼ፤ እንግዲህ ዛሬ ይለቁኛል" አለኝ። አንገቴን ነቀነቅሁለት። ገብቼም ለፖሊስ ሁለት ነገር ተናገርሁ፤ የኔታ ያሉትን አላስታውስም አልሁ፤ ፍላሹን ሳስረክብ ድምፅ ነበረው አልሁ። ይትባረክ ድምፁን ሆን ብሎ አጥፍቶታል፣ ቃሉ የሚጠቅመው ባይሆን ነው የሚል ጥርጣሬ የተነሣው ከእኔ አፍ ነው። ያደረግሁት ስሜን ፈርቼ ነው። ሠርጉን ድምፅ ለማይቀዳ ሰው የሚሰጥ የለም ብዬ ፈራሁ። እሱ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነው፣ ምንም አያደርጉትም፣ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይወጣል ብዬ ራሴን አባበልሁ። ይኸው ዛሬ ዐሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነው።

የካቲት 11 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ወ/ሮ ፅጌ ማርያም ከሥራ ሲወጡ ወደ ፎቶ ቤቴ መጡ። ስለ ክሱ አላነሡም። "አባቴን አሳየኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም" አሉኝ። በትልቁ ስክሪን ከፈትሁላቸው። ቁመው ተመለከቱት። የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ማዜም ሲጀምሩ ወ/ሮ ፅጌ ማርያም ጣታቸውን በስክሪኑ ላይ፣ በአባታቸው ከንፈር ላይ አኖሩና "ይኼን አውቀዋለሁ። ምንድን ነው የሚለው? የእኔ ነው እኮ!" አሉ። መልሰው "ያ ልጅ ድጓውን ይውሰድ ግዴለም፤ የአባቴን ድምፅ ምን አድርጎ ነው ያጠፋብኝ? ምን በድዬው?" ብለው ቁመው አለቀሱ። ያን ጊዜም አልተናገርሁም። ውኃ ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጾሙ ገብቶ ሳለ ከነፍስ አባቴ ስሸሽ ከርሜአለሁ፤ በማግሥቱ ሄጄ ነገርኋቸው። መጀመሪያ ሰውየውን አስፈታ፣ ከዚያ ወደ እኔ ና አሉኝ።

ቃሌን የሚያስረዳ ነገር እንዳለኝ ሳጅኑ ስለጠየቁኝ ምስሉ ሲቀዳ ከካሜራው የወጣውን ያልተነካ ቅጂ በሃርድ ዲስክ አስረክቤአለሁ። ለይትባረክ በሰጠሁት ፍላሽ ላይ የመጨረሻዎቹን ሰባት ሰከንዶች ቆርጬ አስቀርቻለሁ። ምክንያቱን ሳጅኑ አብረን ስንመለከተው አይተውታል። የኔታ አዚመው ሲጨርሱ ዐይናቸውን ይገልጡና ቀጥ ብለው ወደ ካሜራው ያያሉ። ከንፈራቸው አንዴ ይንቀሳቀሳል። ያሉት "ገባ?" ነው፤ ድምፄ ገባ ወይ ማለታቸው ነው። ከዚያ በምስሉ ግራ በኩል አንድ እጅ ብቅ ብሎ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ያሳያቸዋል። ጥፍሩ ከመሃሉ የተሰነጠቀ ነው፤ ልጅ ሳለሁ ማጭድ የመታኝ የእኔ ጣት ነው። የኔታ ያንን አይተው ፈገግ ይላሉ፤ ምስሉ እዚያ ላይ ያበቃል። ያንን ፈገግታ ብዙ ጊዜ አጉልቼ አይቼዋለሁ። ምን ያህል እንደተማመኑብኝ ይታይበታል።

ሌላ የምጨምረው እንዳለ ስጠየቅ የሚከተለውን አስመዝግቤአለሁ። የኔታ የተናገሩትን ቃል እኔ በፍርድ ቤትም ቀርቤ መናገር እችላለሁ። ዜማውን ግን አልችልም፤ በአጠገቤ ሲዜም አላዳመጥሁትም። በዚያ ቀን ከእኛ ጋር የነበረ፣ ዜማውን ከየኔታ አፍ የሰማና እንደ እሳቸው አድርጎ መድገም የሚችል በሕይወት ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ወ/ሮ ፅጌ ማርያም የከሰሱት፣ እኔም በእስር ያቆየሁት ሰው ነው፤ በዚህ ግቢ አለ። ይህ እንዲነገራቸው እለምናለሁ፤ እኔ ልነግራቸው ድፍረቱን አጥቻለሁ።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲነበብልኝ በአንድ ስፍራ "ድምፁ የጠፋው" ተብሎ ስለተጻፈ፣ ማንም አላጠፋውምና "ድምፁን እኔ ያልቀዳሁት" ተብሎ እንዲታረም ጠይቄ ታርሟል። የቀረው እኔ እንደተናገርሁት ነው፤ ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አልደለለኝም። ከዚህ ቃል ውስጥ ሐሰት ቢገኝ በሕግ እጠየቅበታለሁ። ማንበብና መጻፍ ስለምችል ፊርማዬ ይበቃል ብባልም፣ በራሴ ጥያቄ የዚያኑ ጣት አሻራ ጨምሬአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ምሥጋና ክንዱ
የግራ እጅ አውራ ጣት አሻራ፦ ተደርጓል
ቃሉን የተቀበሉት ፊርማ፦ ዋና ሳጅን አምሐ ብሥራት