በሚካኤል ለት የታደሰው ሰርቨር

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን አቶ ቴዎፍሎስ፣ ክቡራትና ክቡራን የገበሬዎች ዩኒየናችን ባልደረቦች፤ ሙክት አርዳችሁ ወደ ጡረታ ስለሸኛችሁኝ እግዜር ያክብርልኝ። ሻይ እንኳ ጋብዘውኝ የማያውቁ ሰዎች ዛሬ ጥብስ ሲያጎርሱኝ፣ መሄዴ ምን ያህል እንዳስደሰታቸው ገብቶኛል።

ከኮምፒውተር ክፍል ባልደረባዬ ከወንዳወቅ ጋር ስንጨቃጨቅ የሰማ ሁሉ በርስት የተጣላን ሳይመስለው አይቀርም። ጠባችን ስለ ሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ሰርቨራችንን፣ ማለት መዝገባችንን ሁሉ የያዘውን ኮምፒውተር፣ የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ፕሮግራም ነው፤ ዓይነቱ ግን ብዙ ነው። አንዱ ተፈትኖ የረጋ ነው፣ ለዓመታት አይነካካም። ሌላው በየጊዜው አዲስ ነገር ይጨመርበታል። እኔ የረጋውን እወዳለሁ። ወንዳወቅ ደግሞ ትኩስ ካልሆነ አይጥመውም። «እትዬ ዓባይነሽ፣ ይሄ እኮ አርጅቷል» ይለኛል። የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል እለዋለሁ።

አምና በቆሎ በምንረከብበት ሰሞን አዲሱን ለመጫን ቀን መረጠ። መቼ ቢሆን ጥሩ ነው? የኅዳር ሚካኤል ለት! ገበሬው በዓል ያከብራል፣ ግቢው ጭር ይላል ብሎ ነው። እኔ ንግሥ ሄጃለሁ። የከተማ ልጅ ምን ያድርግ፣ በዓሉ ማረስና ማጨድ እንጂ ገበያ መውጣት እንደማይከለክል ማን ነግሮት? ከቅዳሴ መልስ ከጅጋም ከቋሪትም ገበሬው በቆሎ የጫነ አህያውን እየነዳ ግቢውን ሞላው። አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ ከሰርቨሩ ጋር የተያያዘውን ሚዛናችንን አላውቅህም አለው።

ገበሬው ዋርካው ሥር ተኮልኩሎ ሲጠብቅ ዋለ። የጅጋው አቶ ቢሆነኝ ወንዳወቅን አስጠሩና በትሕትና ጠየቁት፤ «ልጄ፣ በሚካኤል ካስቀመጥኸን ዘንድ፣ ጠላው ወዴት ነው?» ወንዳወቅም ከደመወዙ ጠላ አስመጥቶ ሲቀዳ ደረስሁ። የረጋውን መልሰን በቆሎው ተመዘነ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እያልሁ እስከ ፋሲካ ተረትሁበት።

ዘንድሮ ተራው የእኔ ሆነ። ለቡሬው መጋዘን አዳዲስ ኮምፒውተሮች መጡ። የእኔ የረጋው ሊኑክስ ኔትወርካቸውን ጨርሶ ሊያገኘው አልቻለም። ታግዬ ታግዬ ሲያቅተኝ ወንዳወቅ አዲሱን ጫነበትና ወዲያው ሠራ። እንደኔ አንዲት ተረት እንኳ አልተረተብኝም። እንደዚያ ያበሸቀኝ ነገር የለም።

እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ይህ የፍኖተ ሰላሙ ሰርቨራችንም የእሱ ነው። ይቀይረው ይሆን? ይተወው ይሆን? እሱን ማሰብ ከእናንተ ከመለየት በላይ ያስጨንቀኛል። ከቤቴ ሆኜም ሰርቨሩ ውስጥ መግባት እችላለሁ እኮ! ስለዚህ ወንዳወቅ፣ ነገ ጠዋት ከሁሉ በፊት የይለፍ ቃሉን ለውጥ። አዲሱን ብትጭንም፣ የረጋውን ብታቆየውም፣ ብቻ እኔ እንዳልገባ አድርገህ ዝጋው። ራሴን አላምናትም።

በሉ ልሰናበት። እህላችሁን ከነቀዝ፣ ፋይላችሁን ከቫይረስ ይጠብቅላችሁ። መብራት አይጥፋባችሁ፣ ዝናቡም በወቅቱ ይምጣላችሁ። ልጆቻችሁ ለወግ ለማዕረግ ይብቁ። አንተም ወንዳወቅ እጅህ ይባረክ፣ ደግ ተኪ ሰጥቶኛል። ሰርቨሩ የቆመብህ ለት ደውልልኝ፤ እስኪነሳ ድረስ፣ ማን ልክ እንደነበረ አልጠይቅህም።